ወደ ሦስተኛ ፖዚሽን ስወጣ እጄ ለምን ይያዛል?

ጥያቄ፦ ቫዮሊን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጀመሪያው ፖዚሽን፣ ማለትም እጅ የቫዮሊኑ አንገት ጫፍ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ደህና እጫወታለሁ። ወደ ቫዮሊኑ አካል ቀረብ ወዳለው ወደ ሦስተኛው ስወጣ ግን እጄ አንገቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እንደምንም ተንጠራርቼ ብደርስም ድምፁ ከቅኝት ይወርዳል። ስመለስ ደግሞ ቫዮሊኑ ከአገጬ ሥር ሊያመልጠኝ ይደርሳል። ጣቶቼ ደካማ ሆነው ይሆን?

መልስ፦ ጣቶችዎ ምንም አልሆኑም። «ተንጠራርቼ» ያሉት ቃል ነገሩን ነግሮኛል፤ አውራ ጣትዎ ድሮ ቦታው ላይ ቆሞ ቀርቷል። አውራ ጣት ካልሄደ ሌሎቹ የትም አይደርሱም።

መጀመሪያ አውራ ጣትዎ አንገቱን ጨምድዶ ይዞ እንደሆነ ይፈትሹ። አንድ ድምፅ በረጅሙ እየጎተቱ አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ላይ አነሳ፣ መለስ ያድርጉት። እምቢ ካለ ቫዮሊኑን ተሸክሞ የቆመው እሱ ነው ማለት ነው። አሁን ግራ እጅዎን ጨርሶ ያውርዱ። ቫዮሊኑ ከአንገትዎ ሥር ባለው አጥንትና በአገጭዎ መካከል፣ ትከሻዎ ሳይሰቀል ለጥቂት ሰከንድ መቆየት አለበት። ካልቆየ ልምምዱን ተዉትና የትከሻ ድጋፉን ከፍታ ያስተካክሉ። የአገጭ ማሳረፊያውም ሊቀየር ይችላል። (ማሳረፊያውን እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ያመጣው ጀርመናዊው ቫዮሊኒስት ሉዊስ ሽፖር ነው። እጅ ከሸክም እንዲያርፍ ያግዛል።)

ከዚያ ወደ ኤ ክር፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሲቆጠር ወደ ሁለተኛው፣ ይሂዱ። በአንደኛ ጣት (በአመልካች ጣት) ቢ የተባለውን ድምፅ ይጫወቱ። ደጋኑን ሳያቆሙ የጣትዎን ጫና ያላሉት፤ ድምፁ እስኪሳሳና ሹክሹክታ እስኪመስል ድረስ። ጣትዎ ክሩን ሳይለቅ እዚያው ክር ላይ ወዳለው ዲ ድምፅ ይንሸራተት። የሚንቀሳቀሰው ክንድዎ ነው። አንጓዎ፣ አውራ ጣትዎና አራቱ ጣቶች አብረው ይሄዳሉ። ሲደርሱ ብቻ ጫን ያድርጉ። የመንሸራተቱ ድምፅ ቢሰማ አይፈሩ፤ አሁን ይሰማ። በኋላ በሽግግሩ ቅጽበት ደጋኑን ቀለል ስታደርጉት ይጠፋል። ብዙ ተማሪ እስከ መጨረሻው ሰዓት ቆይቶ በድንገት ይዘላል፤ እኔ ግን ቀደም ብሎ ተነስቶ በዝግታ መሄድን እመርጣለሁ።

ትክክል መድረስዎን ራሱ ቫዮሊኑ ይነግርዎታል። ያገኙት ዲ ከክፍቱ፣ ማለትም ጣት ካላረፈበት፣ የዲ ክር አንድ ኦክታቭ ይበልጣል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ልክ ሲሆን ያልተነካው የዲ ክር አብሮ ይርገበገባል፣ ድምፁም ሞላ ይላል። ትንሽ ከወረደ ዝም ይላል። ጣት በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ ምልክት መለጠፍን ብዙም አልወደውም፤ ዓይን ሥራውን ሲይዝ ጆሮ ይሰንፋል። ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በጣቶች መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። በመጀመሪያው ፖዚሽን ስፋት ካስቀመጧቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ከቅኝት ከፍ ይላሉ።

ስለ መመለሱ፦ ሲወርዱ እጅ ቫዮሊኑን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። አውራ ጣትዎ ትንሽ ቀድሞ ወደ ኋላ ይሂድ፣ እጅዎ ይከተለው። የጭንቅላትዎን ክብደት ማሳረፊያው ላይ ጣል ያድርጉ፤ መጫን ግን አያስፈልግም። በአውራ ጣት ሥር ሕመም ከተሰማዎ ለዛሬ ያቁሙ።

ኤ ክር ላይ ሲለምድልዎ ወደ ዲ ክር ይሻገሩ። እዚያ አንደኛ ጣት ጂ ላይ ስለሚያርፍ ወፍራሙ የጂ ክር አብሮ እየተርገበገበ ይመልስልዎታል። ኢ ክር ላይም ኤን ያገኛሉ። የጂ ክርን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እዚያ የሚመጣው ሲ ነው፣ አብሮት የሚርገበገብ የራሱ ክፍት ክር የለውም።