የጉዞ ዕቃ ለመመዘን የትኛው ሚዛን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግር ልንሄድ ነው። ጓዛችንን የምንሸከመው ራሳችን ስለሆንን እያንዳንዱን ዕቃ መዝኜ ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ። ገበያ ላይ ያየሁት የሻንጣ ሚዛን እስከ 50 ኪሎ፣ የወርቅ ሚዛን የሚሉት እስከ 500 ግራም፣ የኩሽና ሚዛን ደግሞ እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ሳላወጣ የትኛውን ልግዛ? ትክክል መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የኩሽናውን ይግዙ። 5 ኪሎ የሚችልና በ1 ግራም የሚቆጥር ከሆነ ከሹካ እስከ ድንኳን ይበቃዎታል። የወርቅ ሚዛኑ ለድንኳን አይሆንም፤ 0.1 ግራም ማወቅም ለጉዞ ምንም አይጠቅምም። የሻንጣው ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ10 ግራም ስለሚዘል ለሙሉ ቦርሳ ካልሆነ አንመክረውም። በእጅ ይዘውት ቁጥሩ ስለሚዋልል ከበር ጉበን ላይ ያንጠልጥሉት።

በ1 ግራም ይቆጥራል ማለት ግን ከ1 ግራም በላይ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሱቁ ሳይወጡ ይፈትኑት። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ አምስት ጊዜ እያነሱ ይመዝኑ፤ ልዩነቱ ከ1 ግራም ካለፈ ይተዉት። ከዚያ ውሃውን ከመሃል ወደ አራቱም ጥግ ያዛውሩ። ጥግ ላይ ሲሆን ቁጥሩ በብዙ የሚለወጥ ከሆነ የተጠቀለለ ፍራሽ በትክክል አይመዝንም። በመጨረሻ ውሃውን ለብቻ፣ ስልክዎን ለብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይመዝኑ፤ ድምሩ መግጠም አለበት።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሚዛን እንኳ አዲስ አበባ ላይ በትንሹ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከፍታዋም ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ የምድር ስበት እዚህ ላላ ይላል። በዝቅተኛ አገር ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለ ሚዛን በአንድ ኪሎ ከ1 እስከ 3 ግራም ሊያጎድል ይችላል። ለቦርሳ ክብደት አያሳስብም፤ ጥርት ያለ ቁጥር ከፈለጉ ግን 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ብሎን የሚያውቁት ወርቅ ቤት ወስደው ያስመዝኑና ክብደቱን በማርከር ይጻፉበት። የቤትዎን ሚዛን በየጊዜው የሚያመሳክሩበት መለኪያ ይሆንልዎታል።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የመኝታ ከረጢት ተዘርግቶ ማሳያውን ይሸፍናል፣ ጠርዙም ጠረጴዛውን ነክቶ ክብደት ይሰርቃል። ባዶ ባልዲ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉና ከረጢቱን ባልዲው ውስጥ ይክተቱ። በሶ በየላስቲኩ 100 ግራም ሲያካፍሉም በቁንጥር አይጨምሩ። አንዳንድ ሚዛን ጥቂት በጥቂት የሚጨመረውን የራሱ ዜሮ መንሸራተት አድርጎ ያጠፋዋል፤ ላስቲኩ ይሞላል፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። በማንኪያ ጨምረው ላስቲኩን አንሥተው መልሰው ያስቀምጡ። ምንጣፍ ላይ አይመዝኑ፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክምም ቁጥሩ አይታመንም።

ከሁሉ የሚጎዳው ጭነት ነው። ጠፍቶ ቢሆንም ላዩ ላይ ሙሉ ቦርሳ ካሳረፉበት ውስጡ ያለው ብረት ጎብጦ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ጥያቄ፦ የካምፕ ጋዝ ምን ያህል እንደቀረው በሚዛን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በመነቅነቅ ከመገመትም በጣም ይሻላል። ቆርቆሮውን አዲስ ሳለ፣ ክዳኑን አውልቀው ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉበት። ላዩ ላይ የታተመውን የጋዝ መጠን፣ ለምሳሌ 230 ግራም፣ ከዚያ ሲቀንሱ የባዶው ክብደት ይወጣል። ከጉዞ ሲመለሱ ደግመው መዝነው የባዶውን ሲቀንሱ የቀረውን ያገኛሉ። ምድጃውን መፍታት አይርሱ።