የሚንኳኳ ፓራፋንጎ፦ የአሮጌ ላንድሮቨር የተሰበረ መያዣ እንዴት ይተካል?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሱሉልታ ሲሆን ከአባቴ የወረስኳት ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨር አለችኝ። የግራውን የፊት ፓራፋንጎ (የጎማውን መሸፈኛ) ከሥር በኩል ከጋቢናው ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው የብረት መያዣ መታጠፊያው ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ከዚህ ቀደም ተሰንጥቆ አስበይጄው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከብየዳው አጠገብ ተለያየ። አሁን ኮረኮንች ላይ ስነዳ ፓራፋንጎው እየተንኳኳ ያሳቅቀኛል። የሰፈራችን በያጅ «መያዣውን ተወውና ፓራፋንጎውን በቀጥታ በይጄ ልገላግልህ» ይለኛል። ደግሞም በቡለኑ ዙሪያ ቀለሙ አብጦ ስቀርፈው ከሥሩ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ዝገት ነጭ ይሆናል ወይ? ያገለገለ መያዣ ከሶማሌ ተራ ልፈልግ ወይስ አዲስ ላሠራ?
አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት በያጅዎ እጁን እንዲሰበስብ ይንገሩት። የላንድሮቨር ፓራፋንጎ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ መያዣው ግን ብረት ነው፤ በየሰፈሩ የምናውቀው የኤሌክትሮድ ብየዳም ሁለቱን አያጋባም። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ብረት ግን ለመቅለጥ ከዚህ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አሉሚኒየም ሊቀልጥ ሲቃረብ እንደ ብረት ቀልቶ ምልክት የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ በያጁ ገና እየሞቀ ነው ብሎ ሲጠብቅ ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ ያገኘዋል። ቢሳካ እንኳ የሚወደድ ሥራ አይሆንም ነበር፤ የዚህ መኪና ፓራፋንጎ በቡለን የታሰረው ሲጎዳ ወይም የሞተር ሥራ ሲኖር ተፈትቶ እንዲነሣ ተብሎ ነውና።

ያገኙት ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚህ ጊዜ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ እንጂ ብረቱ አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ከጎማው እየተፈናጠረ ፓራፋንጎው ሥር ይለጠፋል፤ ከውጭ ደርቆ ሳለ ውስጡ ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። የሮቨር ኩባንያ የመጀመሪያውን ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለዕይታ ሲያቀርብ አሉሚኒየምን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር ነው። ምርጫው ቦዲውን ከቀይ ዝገት ቢያድነውም ብረትና አሉሚኒየም የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ ለባለቤቱ የቤት ሥራ አድርጎ ትቶለታል።

መያዣው ለምን ደግሞ ተሰበረ ለሚለው፣ አንድ ብረት በአንዴ ጭነት ሳይሆን በተደጋጋሚ መታጠፍና መቃናት ይደክማል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመታጠፊያው ወይም ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ አዲሱን መያዣ ከማሠራትዎ በፊት ፓራፋንጎውን ምን እንደሚያንቀጠቅጠው ይፈልጉ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው የፓራፋንጎውን የፊት ጫፍ በሁለት እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ፓራፋንጎው ከራዲያተሩ ፓኔልና ከጋቢናው ግድግዳ ጋር በተያያዘባቸው ቡለኖች ላይ ጣቱን ያሳርፍ። በጣቱ ሥር መፈናቀል ከተሰማው የታችኛው መያዣ የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ነበር ማለት ነው፤ እነዚያ ካልጠበቁ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሰበራል።

የመላላቱ ምንጭ ብዙውን ጊዜ የቡለን መደባለቅ ነው። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ቡለኖቻቸው በኢንች የተለኩ ሲሆኑ ቦዲው ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ሩብ ኢንቹ 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። አንዱ ጋራዥ ዳዶውን ትቶ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡለን ብቻ ሲያስገባበት ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፣ ነገር ግን ጥርሱ ስለማይገጥም መንገድ ላይ ይላላል። በሚሊሜትር የተለካ ቡለን መጠቀም በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቡለኑን ለውጦ ዳዶውን መተው ነው።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መግዛትን በተመለከተ፣ ሙሉ የሆነና መታጠፊያው ላይ ስንጥቅ የሌለበት ካገኙ ለናሙናነት ይጠቅማል፤ ለመግጠም ግን እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። ያገለገለው የቱን ያህል እንደደከመ በዓይን አይታወቅም፣ የግራና የቀኙም ቅርጽ ሊለያይ ስለሚችል ስባሪዎን ሳይዙ አይሂዱ። በሌላ በኩል ይህ ማንኛውም ጠንቃቃ ብረት ሠራተኛ የሚያወጣው ዕቃ ነው። ሁለቱን ስባሪዎች ገጥመው በወፍራም ካርቶን ላይ ይሣሉ፤ የቀዳዳዎቹን ቦታ ግን ከስባሪው ሳይሆን ከመኪናዋ ላይ ይለኩ፣ ስባሪው ተጣምሞ ሊሆን ይችላልና።

ለሥራው 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። «እንዳይሰበር» ተብሎ በጣም ወፍራም ብረት ወይም የግንባታ ፌሮ ማስገባት በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልስማማበትም፤ መያዣው ምንም የማይለጠጥ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ስሱ አሉሚኒየም ተላልፎ የሚቀደደው ፓራፋንጎው ይሆናል። ሲታጠፍ በሞርሳ ስለታም ጠርዝ ላይ በመዶሻ አይቀጥቀጥ፤ የመታጠፊያው ውስጠኛ ክብነት ቢያንስ የብረቱን ውፍረት ያህል እንዲሆን ክብ ዘንግ ላይ ይታጠፍ። ቀዳዳው ደግሞ በትራፓኖ እንጂ በኤሌክትሮድ አይበሳ። በኤሌክትሮድ የተበሳ ቀዳዳ ዙሪያው ተቦጫጭቆ ስለሚቀር የቀጣዩ ስንጥቅ መነሻ ነው። አንደኛውን ቀዳዳ ትንሽ ሞላላ ቢያስደርጉት በመግጠሚያው ጊዜ ለማስተካከል ይረዳዎታል። ከዚያ ጠርዙ በሞረድ ለስልሶ፣ በአንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥ ጨምሮ በቀለም ይሸፈን።

አሮጌውን ሲፈቱ ፓራፋንጎው እንዳይንጠለጠል ከሥሩ በእንጨት ይደግፉት። የያዘ ቡለን ካለ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብተው ያሳድሩት፤ በእሳት ማሞቅ በአሉሚኒየም አጠገብ አይሞከርም፣ እምቢ ካለ በግራይንደር መቁረጥ ይሻላል። ነጩን ዱቄት ንጹሕ አሉሚኒየም እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያንሡት። የፓራፋንጎው ቀዳዳ ተበልቶ ከሰፋ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ በአሉሚኒየም ሪቬት ይለጠፍበት እንጂ የብረት ላሜራ አይደረግበት። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ መብሳት ስንጥቁ እንዳይቀጥል ይረዳል።

በመጨረሻም ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። የተጣለ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለዚህ ይጠቅማል፤ ከጎኑ በመያዣው ልክ ተቆርጦ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ በሁለቱ መካከል ይገባል። ቡለኑ፣ ዳዶውና ሰፊው ሮንዴላ ዚንክ የተቀቡ ይሁኑ፤ የነሐስ ወይም የመዳብ ሮንዴላ አሉሚኒየሙን ይበልጥ ያስበላዋል። ከመጥበቁ በፊት ጥቂት ግራሶ ይቀቡበት። ሁሉንም ቡለኖች በእጅ ካስገቡ በኋላ ከላይ ጀምረው በየተራ ያጥብቁ፤ አንዱን መጨረሻ ድረስ አጥብቆ ሌላውን በጉልበት መሳብ አዲሱን መያዣ ገና ሳይነዳ ያጨናንቀዋል። ፕላስቲኩ ሲጨመቅ ትንሽ ስለሚሳሳ የመጀመሪያውን የኮረኮንች ጉዞ እንደጨረሱ ዳግመኛ ይቆልፉት። ከሥራው በኋላ የግራው መብራት ከቀኙ ደብዝዞ ከታየዎት ደግሞ መብራቱ እስከዛሬ መሬት (የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ) ያገኝ የነበረው ፕላስቲኩ አሁን በለየው በፓራፋንጎው በኩል ሊሆን ስለሚችል፣ ፕላስቲኩን ከማውጣት ይልቅ ከመብራቱ እስከ ሻንሲው አንድ የመሬት ሽቦ ያስዘርጉለት።