ሁላችንም ብንያዝና ቢያልፍልንስ?

ጥያቄ፦ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በኮሮና ጊዜ ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ይቅር ሲባል በእድራችን ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንድ አባላት «አዛውንቱ ቤት ይቀመጡ፤ ወጣቱ ተይዞ ይዳን፤ ያኔ ሕዝቡ በጠቅላላ በሽታውን የመከላከል አቅም ያገኛል» አሉ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ሚዛን ይደፋብኛል። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ በዚህ መንገድ ብንሄድ ምን ችግር አለው?
የእድር ጸሐፊ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ የእድርተኞችዎ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አንድ ሕመምተኛ በሽታውን በአማካይ ለ3 ሰዎች የሚያስተላልፍ ከሆነና ከ3ቱ 2ቱ አስቀድመው የመከላከል አቅም ካላቸው፣ የሚይዘው 1 ሰው ብቻ ስለሚሆን ስርጭቱ ማደጉን ያቆማል። ኮሮና ሲጀምር ከ2 ተኩል እስከ 3 ሰው ገደማ ይይዝ ስለነበር ከሕዝቡ ከ60 እስከ 70 በመቶው ይበቃል የተባለው ከዚህ ስሌት ነው። ከ12 እስከ 18 ሰው ለሚይዘው ኩፍኝ ግን 95 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል።

በክርክሩ የተዘለለው ወደዚያ ቁጥር የሚደረስበት መንገድ ነው። በክትባት ሲደረስ ሰው ሳይታመም ነው፤ በሕመም ሲደረስ ግን ወረርሽኙ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አይልም። በዚያች ዕለት በሽታውን የተሸከሙት ብዙ ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ገና ሌላ ሰው ስለሚያስይዙ፣ የተያዘው ሕዝብ ከሚያስፈልገው በላይ እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ላይ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ መሶብ በሚከቡበት ቤት፣ ከፒያሳ ውሎ የሚገባውን ወጣት ከአዛውንቷ ለይቶ ማቆየት በወሬ እንጂ በተግባር የሚሆን አይመስለኝም።

የብራዚሏ ማናውስ ሳትፈልግ ይህንኑ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ፣ በደም ምርመራ ላይ በተመሠረተ አንድ ግምት፣ ከነዋሪዋ ሦስት አራተኛው ገደማ ተይዞ ነበር። ሆኖም በጥር 2021 አዲስ የቫይረሱ ዝርያ ተነሥቶ ሆስፒታሎቿ ኦክስጅን እስኪያልቅባቸው ድረስ ተጨናነቁ። በሕመም የተገኘው አቅም በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ቫይረሱም መልኩን ይለውጣል።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። የወረዳው የክትባት ሽፋን 90 በመቶ ነው ሲባል፣ ያልተከተቡት 10 በመቶ በአንድ የገጠር ቀበሌ ተሰብስበው ከሆነ ኩፍኝ እዚያ እንዳሻው ይሆናል። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ሕፃናት የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ብቻዋን ጤና ኬላ ስትደርስ፣ ባለሙያዋ ብልቃጡን ለአንድ ልጅ መክፈት አሳስቧት «ሌሎች ሲመጡ ተመለሺ» ልትላት ትችላለች። በእኔ እምነት ዘጠኙ ዶዝ ቢጣልም መክፈቱ ይሻላል፤ ረጅም መንገድ የመጣች እናት ላትመለስ ትችላለችና።

ፈንጣጣም ከአገራችን የወጣው ሁሉም ተከትቦ አልነበረም። ሠራተኞቹ የሕመምተኛ ሥዕል ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየጠየቁ በሽተኛውን ፈለጉ፤ ሲያገኙትም በዙሪያው ያሉትን ከተቡ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ተገኘ።

አዲስ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ክትባቱ ገና አይኖርም፤ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ማትረፍ ያስፈልጋል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ሳይያዝ ያሳለፈ አዛውንት የመከተብ ዕድል አገኘ ማለት ነው።

የእድሩ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ለቅሶን ጨርሶ መከልከል ሰው በድብቅ እንዲሰበሰብ ያደርጋል፤ ስለዚህ የድንኳኑ ጎንና ጎን ተገልጦ፣ ቆይታው አጥሮ፣ የሚያስል ሰው እንዲቀር ይወሰን። የቀን ሠራተኛ ግን ሳይሠራ የሚበላው ስለሌለው «ታመሃልና ቤትህ ተቀመጥ» ቢባል አይሰማም። እድሩ ከመዋጮው ለእንዲህ ያለ አባል የጥቂት ቀን ቀለብ የሚሰጥበትን አንቀጽ ከአሁኑ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቢያስገባ መልካም ነው።