ጾመኛ እናቴን ረቡዕ ማታ ቦሌ አካባቢ የት ልጋብዛት? ላልከው
ቃተኛ ምግብ ቤት ውሰዳቸው። ጫጫታ አይወዱም ካልክ የባህል ምግብ ቤቱን ዮድ አቢሲኒያን ለሌላ ቀን አቆየው። ማታ ባንዱና ጭፈራው ከጀመረ ከጎንህ ካለ ሰው ጋር እንኳ መደማመጥ ይከብዳል።

በያይነቱ እዘዝ። ተጋቢኖ ካማራችሁ ግን "የጾም ይሁን፣ በዘይት" ብለህ አስረግጠህ ንገር። ቅቤ ገብቶበት እየተንተከተከ ከቀረበ በኋላ መመለስ ያሳቅቃል። ቤቱ የተጠራበት ቃተኛም፣ ያ በርበሬ የተቀባው ደረቅ እንጀራ፣ በወጉ ቅቤ አለው። እሱንም በዘይት በል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ሜኑው ላይ የሚጽፈው ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን አይጨምርም። ሰርቪስ ቻርጅ የሚደርብም አለ። ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ፤ አለበለዚያ ሂሳቡን አይተህ ስትደነግጥ ማዘር ቦርሳቸውን መክፈታቸው አይቀርም።