ሳር ማጨጃህ ይሮጣል፤ መጀመሪያ ግን ይቁም

ከእንጅባራ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ አንድ ሎጅ ያረጁ ዕቃዎቹን ሲሸጥ ተቀምጠው የሚነዱት ሳር ማጨጃ ገዛሁ። ሞተሩ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ነው፣ 12.5 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሹ በእጅ። ቢበዛ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ጓደኞቼ ‹ጎቨርነሩን ፍታው፣ ይበራል› ይሉኛል። ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል አሳምሬ ልወጣበት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ጓደኞችህን አትስማ። ጎቨርነሩ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ብዙ እንዳያልፍ የሚይዘው ነው። እኔም ሥራ ስለምድ የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ላይ ጎቨርነሩን በሽቦ አስሬው ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ጮኸ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ «ቋ!» አለ። ቢዬላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ በስቶ ወጣ። ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ! ትኩሱ ዘይት ሱሪዬ ላይ። የሞተሩን ዋጋ ለወራት ከፈልኩ። ያንተ ደግሞ ከተቀመጥክበት ፊት ለፊት ነው የሚፈነዳው።

ፍጥነት ያለው ፑሌጃው ላይ ነው፤ ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) የሚዞርበት ክብ ብረት ማለቴ ነው። ከሞተሩ ሥር አንድ ፑሌጃ አለ፣ ካምቢዮው ላይ ሌላ። የሞተሩን ስታሳድግ፣ የካምቢዮውን ስታሳንስ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ ጎማው ይፈጥናል። ለምሳሌ የሞተሩ 9 ሳንቲ ሜትር፣ የካምቢዮው 18 ነው እንበል። ወደ 12 እና 15 ብትቀይራቸው ፍጥነቱ በ1.6 ይባዛል። 8 የነበረው 13 አካባቢ ይገባል። አንድ ዘዴ ልንገርህ፦ የሁለቱ ድምር ካልተቀየረ (9 እና 18፣ 12 እና 15፣ ሁለቱም 27) የድሮው ቺንጋ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፑሌጃውን ቶርኖ ቤት ታሠራዋለህ። ከማሠራትህ በፊት ግን ትልቁ ፑሌጃ ሻንሲውን እንዳይነካ በካርቶን ቆርጠህ ሞክረው።

ከዚያ በላይ አትመኝ። እንጅባራ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 12.5 የተባለው እናንተ ጋ ከ9 ብዙም አያልፍ። ፑሌጃውን ካበዛኸው ዳገት ላይ ያፍንሃል። ካንዴላውን ፈተህ እየው። ጥላሸት ከመሰለ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ አሁንም ካልተስተካከለ የካርቡራቶሩ ቀዳዳ ለከፍታው ይስተካከል።

ጓደኞችህ ያልነገሩህ ፍሬኑን ነው። ፍጥነት በ1.6 ሲያድግ ለማቆም የሚያስፈልገው አቅም ከ2 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። የፋብሪካው ፍሬን ሳር መሀል ለሚንፏቀቅ ማሽን የተሠራች ሚጢጢ ነገር ናት። የሞተር ሳይክል ዲስክ ፍሬን ኋላ አክሱሉ ላይ በደንብ አስገጥም። ቁልቁለት ላይ በሙሉ ፍጥነት ሞክረህ ካልቆመልህ፣ የድሮዎቹን ፑሌጃዎች መልሰህ ግጠም።

መሪውን ግራ ቀኝ አወዛውዘው። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ከሁለት ጣት በላይ ከሄደ ቴስቲናዎቹን፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያዎች፣ ቀይር። የፊት ጎማዎቹ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ በሌለው ተራ ቡሽ ላይ ነው የሚዞሩት፣ ኩሽኔታ ይግባላቸው። ወንበሩን ዝቅ፣ የኋላ ጎማዎቹን ሰፋ አድርግ። ከፍ ያለ ማሽን ኩርባ ላይ ይገለበጣል።

ምላጩን ከነሽፋኑ አውርደው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በእነዚህ ማሽኖች ይሽቀዳደማሉ፤ ምላጭ ያለው አይገባም። ከወደቅክ ሞተሩ የሚጠፋበትን ገመድም ከእጅህ ጋር እሰር። ይህ ሞተር የሚጠፋው የማግኔቶው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ማጥፊያ ሽቦ ሻንሲውን ሲነካ ነው። ስለዚህ ገመዱ ሲነቀል ሽቦው እንዲገናኝ አድርገህ አስተካክል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ማሽኑ ብቻውን ይሄድበታል።

አሁን ወደ ጌጡ። ዝገቱን ፍቅ፣ እስቱኮ ቀባ፣ ከዚያ ቀለም። እኔ ብሆን ኮፈኑን እንደ ፈረስ አስጌጠው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ግላስ የመሰለ ጨርቅ፣ ግንባሩ ላይ መርገፍ። ያምርልሃል። ብቻ ከወገብህ በታች የሚንጠለጠል ነገር አይኑር፤ ቺንጋው ይጎትተዋል። የሞተሩን የአየር መግቢያም በጌጥ አትሸፍን፤ ይህ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።

የጥር 23 ነገር ግን ይቅርብህ። ማርሚታው ሲተኩስ የደነገጠ ፈረስ ባለቤቱን ይጥላል፣ ጥፋቱም ያንተ ነው። ሰሌዳ ስለሌለው አስፋልት ላይም አይወጣም። ገበያው የተበተነበት ሜዳ ፈልግ፣ የራስ ቁር አጥልቅ፣ ልጆች ይራቁ። በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ ሁሉንም ቡሎን ደግመህ አጥብቅ።

ፑሌጃዎቹን በሜትር ለክተህ፣ ካንዴላውንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት ልኩን አብረን እናየዋለን።