ስለ ጥርስ ብሩሽና ስለ ቪአር መነጽር፤ ለአዳማዋ እናት
እህቴ፣ ኦቲዝም ያለበት የሰባት ዓመት ልጅዎ የጥርስ ብሩሽ ባየ ቁጥር እንደሚጮህ ገልጸው፣ የቨርቹዋል ሪያሊቲ (ቪአር) መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ታስሮ እውነተኛ ቦታ ውስጥ ያሉ የሚያስመስል ምስል የሚያሳይ መሣሪያ፣ ገዝቶ ማስተማሩ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። መነጽሩ የሚጠቅመው ልጁ የጥርስ ሐኪሙን ወንበር፣ መብራቱንና የማሽኑን ድምፅ ማንም ሳይነካው ደጋግሞ አይቶ እንዲለምድ በማድረጉ ነው፤ የብሩሹን ሸካራነትና የጥርስ ሳሙናውን ማቃጠል ግን ሊያለማምደው አይችልም፤ ልጅዎን የሚያስጮኸውም ይኸው ይመስለኛል። በዚያ ላይ ኩዌስት 2 የተባለው የቪአር መነጽር ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የእኔ ልጅ ኮፍያ እንኳ አይታገሥም። አምራቹ ሜታም ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቅደውም።

እኔ የጀመርኩት በስልክ ነበር። የራሴን እጅ፣ የራሳችንን መታጠቢያ ቤትና ያንኑ ሰማያዊ ብሩሽ በ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጬ ማታ ማታ አሳየው ነበር። መጀመሪያ ብሩሹን ይዞ ብቻ ቆመ፤ ከሰነበተ በኋላ ከንፈሩን አስነካ፤ እስከ አሥር እየቆጠርኩ የፊት ጥርሶቹን እስክቦርሽለት ድረስ ሁለት ወር ፈጀብን። ሳሙናው ሚንት የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ መጠኑም ከአተር ፍሬ አይብለጥ። የወንጂን ቡናማ ጥርስ የምናውቅ ሰዎች እንደመሆናችን፣ የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስን የሚያበልዝ፣ በብዙ የጥርስ ሳሙናም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) የሚበዛበት ስለሆነ፣ ልጁ ሳሙናውን የሚውጥ ከሆነ ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።