ማሸጊያ ኖሮት ለማያውቅ በሶ የድሮ ማሸጊያ፦ ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማርኬቲንግ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ዲዛይን ግን የተማርኩት በራሴ ነው። የአሜሪካ የቁርስ እህል ካርቶኖችን፣ በተለይ እንደ ድሮው ተመስለው እንደገና የሚወጡትን፣ በጣም እወዳለሁ። ካርቶኖቹ ላይ ያሉትን የኬሎግ ኩባንያ ማስኮቶች፣ ነብሩንም ቱካን የተባለውን ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍም፣ በራሴ አሳሳል ሠርቼ ፖርትፎሊዮ አዘጋጅቻለሁ። አሁን በከተማችን በሶና ቅንጬ የሚያዘጋጅ አንድ ማኅበር «የድሮ ትዝታ ያለው ማሸጊያና ማስኮት (የምርቱ መለያ ገጸ ባሕርይ) ሠርተሽ አሳዪን» ብሎ በቅርቡ ለስብሰባ ጠርቶኛል። ለማስኮቱ ጭላዳ አስቤያለሁ። በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል? እስካሁን የሳልኳቸውንስ ባሳያቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስብሰባሽ ቅርብ ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም። ነብሩንና ቱካኑን ይዘሽ አትግቢ። የላክሽልኝን ሥዕሎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ እጅሽ የታመነ ነው፣ በቀለምም ቁጥብ ነሽ። ችግሩ ትዝታው የሌላ አገር ልጅ ትዝታ መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ልጅ ቁርሱን ሲበላ ካርቶኑ ፊቱ ተገትሮ ነው ያደገው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጨዋታ እየፈታ፣ ውስጡ ያለውን ስጦታ እየፈለገ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ያንኑ ካርቶን በድሮ መልኩ ሱቅ ውስጥ ቢያገኘው እጁን መዘርጋቱ አይገርምም።

የማኅበሩ ደንበኛ ግን ማን ነው? ከመንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ወይም ከሞላሌ መጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የተማረ፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚላክለትን ስንቅ ይጠብቅ የነበረ፣ ዛሬ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። የእሱ በሶ የሚመጣው በስልቻ ወይም በጨርቅ ከረጢት ነበር፤ አፉ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ። ካርቶን የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም።

ስለዚህ የቀረበልሽ ሥራ ከአሜሪካኖቹ ሥራ ይከብዳል። ጄኔራል ሚልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ካውንት ቾኩላና ፍራንከን ቤሪ የሚባሉ የጭራቅ ማስኮት ያላቸውን የቁርስ እህሎች አወጣ፤ በ2013 የድሮ ካርቶናቸውን መልክ አልብሶ መልሶ ሸጣቸው። የሚመለስበት አሮጌ ሥዕል ነበረው። አንቺ የምትመለሺበት አሮጌ ሥዕል የለሽም፤ ያለሽ ሰዎች ልብ ውስጥ ያለ ነገር ብቻ ነው። እሱን አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ሙያው፤ ይህን የሚችል ዲዛይነር ደግሞ ብዙ አላየሁም።

ከካርቶኖቹ የምትወስጂው ዘዴያቸውን ነው። የኬሎግ ነብር ቶኒ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ ጭንቅላቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቅርጽ ነበረው፤ ሰውነቱም እንደዛሬው የስፖርተኛ አልነበረም። በሰባ ዓመት ውስጥ ደረቱ ሰፋ፣ አቋሙ ቀና፤ አንገቱ ላይ ያለው ቀይ ሻርፕ ግን አልወረደም። በተቃራኒው የዚያው ኩባንያ ወፍ የሆነውን ቱካን ሳምን በ2020 ጠፍጣፋ አድርገው፣ ምንቃሩን በደማቅ ቀለማት ሞልተው ሲያወጡት የወቀሳ መዓት ወረደባቸው። እንግሊዝ ውስጥ ኮኮ ፖፕስ የተባለው የቁርስ እህል እ.ኤ.አ. በ1998 ስሙ ቾኮ ክሪስፒስ ተባለ፤ በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የጥንት ስሙን አስመለሰ። ቁርስ እህል ባይሆንም ትሮፒካና የተባለው ጭማቂ በ2009 ብርቱካኑንና የተሰካበትን ስትሮ ከማሸጊያው ላይ ሲያነሳ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ሽያጩ 20 በመቶ ወርዶ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ይህን የመጨረሻውን ለማኅበሩ ሰዎች ንገሪያቸው፤ ነጋዴ የሚሰማው ቋንቋ ነው።

ሰው ከአንድ ማሸጊያ የሚያስታውሰው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ሳታውቂ እርሳስ አታንሺ። ከስብሰባው በፊት ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ የሆኑ፣ ስንቅ እየተላከላቸው የተማሩ ሰዎችን ጠይቂ። በሶው በምን ይመጣ ነበር? ማን ያመጣው ነበር? እንዴት ነበር የምትበሉት? ሲመልሱ እጃቸውን እዪ። አንዳንዱ ገመድ ሲፈታ ያሳይሻል። አብዛኛው ግን፣ እኔ እንደማውቀው፣ መዳፉን ጨብጦ ያሳይሻል፤ በሶ ጭብጦ እንዲያ ነውና የሚሠራው። የተጨበጠው በሶ ላይ የአራት ጣት ምልክት ይቀራል። የእናት ጣት ምልክት ነው። እኔ ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው፤ ማንም ሰው ሳያነብ ያውቀዋል፣ በአንድ ቀለምም ይታተማል።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ የድሮ ካርቶን ለምን እንደዚያ እንደሚመስል እወቂ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ በትክክል አለመግጠሙም የተለመደ ነበር። ለዚህ ነው ቀለሞቹ ሁለት ሦስት ብቻ፣ መስመሮቹም ወፍራም የሆኑት፤ ወፍራሙ መስመር ክፍተቱን ይሸፍናል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አቧራና ጭረት እየጨመሩ «የድሮ» የሚያስመስሉ ሰዎች ይህን አያውቁም። አንቺን ይህ እውቀት በቀጥታ ይጠቅምሻል፤ ምክንያቱም ማኅበሩም ያው ችግር ነው ያለበት። ባለ ብዙ ቀለም ላስቲክ ለማሳተም ለእያንዳንዱ ቀለም ሲሊንደር ማሠራት፣ ብዙ ሺህ ማዘዝም ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ማኅበር ይህ አይቀመስም። ቡናማ ወረቀት ከረጢት ላይ በሁለት ቀለም ስክሪን ፕሪንት (በተወጠረ ጨርቅ ላይ ቀለም እያሳለፉ ማተም) ወይም አንድ ስቲከር ግን ይችላሉ። ቀለሞቹን ደግሞ ሩቅ አትፈልጊ፤ የመንዝ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) ነጩም ጥቁሩም ቡናማውም ከበጉ የተገኘ ነው። ቡናማው ከረጢቱ ራሱ ይሁን፤ ጥቁርና ነጭ አትሚበት። ዋጋውን አብረሽ አስልተሽ ብትቀርቢ ሌላ ተወዳዳሪ ቢኖር እንኳ ወደ አንቺ ያደላሉ።

ፊደሉ ላይ ጨክኚ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ኒያላ ፎንት ጎተት አድርገሽ «በሶ» ብትጽፊበት፣ ሌላው ሁሉ ምንም ያህል ቢያምር ማሸጊያው የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና ውስጥ በእጅ የተቀቡ የቆዩ የሱቅ ታርጋዎችና የበር ላይ ጽሑፎች ካገኘሽ ፎቶ አንሺ። ቀቢው ብሩሹን የት እንደጀመረና የት እንዳነሣ አስተውዪ፤ የበ እግሮች እንዴት እንደወፈሩ፣ የሶ እግር የት ላይ እንዳጠረ። ከዚያ ሁለቱን ፊደላት በእጅሽ ጻፊያቸው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ሳምንት ቢፈጅም ይገባዋል።

አሁን ወደ ማስኮቱ። ጭላዳ አስበሻል፤ ጥሩ አስበሻል። የጓሳና የጣርማ በር ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት በሩቅ ይለያል፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ግን አንድ ነገር አትርሺ፦ ለመንዝ ገበሬ ጭላዳ የገብስ ሌባ ነው። ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማሳ ዳር የሚውለው ጭላዳን ሊያባርር ነው። የገብስ ምርት ላይ ፈገግ ብሎ «ብሉ» የሚል ጭላዳ ብታስቀምጪ፣ አዲስ አበቤው ይወደዋል፣ የመንዝ ሰው ግን «ይሄ ደግሞ ምን አግብቶት?» ይላል።

መፍትሔው ራሱ ከምትወጃቸው ካርቶኖች ውስጥ አለ። ትሪክስ የሚባለው የቁርስ እህል እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ጥንቸል ማስኮት አለው። ጥንቸሉ ሥራው መስረቅ ነው፤ ልጆቹን እያታለለ እህሉን ሊበላ ይሞክራል፣ ልጆቹ ይነቁበታል፣ ይቀሙታል። ሕፃናቱ ከመውደዳቸው የተነሳ በ1976 «ጥንቸሉ ይብላ ወይስ አይብላ?» ተብለው በፖስታ ድምፅ ሲሰጡ፣ ይብላ ብለው ፈረዱለት። ያንቺም ጭላዳ ሌባ ይሁን። ከከረጢቱ ጀርባ ብቅ ብሎ እጁን ወደ ጭብጦው ይዘርጋ፤ ጥግ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይጠብቀው። እንዲህ ሲሆን ገበሬውም ይስቃል፣ ከተሜውም ይገዛል፤ እውነቱም አልተነካም።

ልጆችን የሚጠራ ማስኮት ግን ኃላፊነት አለው። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛባቸው ምግቦች ላይ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ስለከለከለች ቶኒ እዚያ ካርቶን ላይ የለም። በሶ ገብስ ነው፤ ማኅበሩ ስኳር ጨምሮ ለሕፃናት ልሽጥ ካለ ግን ጭላዳውን አትስጪው። እንዲሁም «ከ1950 ጀምሮ» የሚል ማኅተም እንድትጨምሪ ከጠየቁሽ እምቢ በዪ። ማኅበሩ አዲስ ነው፤ ሸማቹን ማታለል ነው። ይልቅ ገብሱ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ይጻፍ።

«መኖር ይቻላል?» ላልሽው፣ ማስኮት ብቻ እየሳልሽ አትኖሪም። በማሸጊያ ዲዛይን ግን ትኖሪያለሽ፤ ብቻ ሥዕሉን ከሕትመቱ ጋር ከያዝሽው ነው። የሚታጠፍበትን፣ የሚጣበቅበትን፣ የምርትና የማብቂያ ቀን፣ የተጣራ ክብደትና የአምራቹ አድራሻ የሚያርፍበትን ቦታ አስቦ ፋይል የሚያስረክብ ሰው በማተሚያ ቤትም በምግብ ፋብሪካም ይፈለጋል። ስለዚህ የዲዛይን ቢሮ ከመለመንሽ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ደሞዝም ቢሆን፣ ማሽኑ አጠገብ ሥሪ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጥቂት ወር ዘመድ ቤት ማረፍ የሚቻል ከሆነ አታመንቺ።

ለስብሰባው ሁለት ንድፍ በወረቀት ይበቃሻል፤ የሰዎቹን መልስ የጻፍሽበትን ደብተርም ያዢ፣ ለምን ጭብጦውን እንደመረጥሽ ስትጠየቂ ከዚያ ታነቢያለሽ። የተጠናቀቀ ፋይል በነፃ አታስረክቢ። ከተስማማችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪ፣ ጭላዳው የማን ንብረት እንደሚሆን፣ አንቺስ በፖርትፎሊዮሽ ማሳየት ትችዪ እንደሆነ ይግባበት። ማኅበሩም ስሙንና ምልክቱን በንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲያስመዘግብ ምከሪው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሆኖ ይታደሳል። ይህን ቀድመሽ ብታነሺላቸው ለሚቀጥለው የቅንጬ ማሸጊያም የሚጠሩት አንቺን ነው።